ለተዋንያን መቃብር ባለቤት ይሰጠው፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለባህልና ለኪነ ጥበብ ሥራ ኃላፊነት ለተሰጣችሁ የመንግሥት ሹማምንት፤ በአዲስ አበባ የመቃብር ቦታ ለምታስተዳድሩ አድባራትና የሃይማኖት ተቋማት ሁሉ፤ ለትያትር ቤት ሥራ አስኪያጆች

ጉዳዩ፦ የመድረክና የፊልም ተዋንያን መቃብር ያለ መዝገብና ያለ ጠባቂ መቅረቱን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣ ጤና ይስጥልን።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በመድረክ ያገለገልኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት የሆነኝ ተዋናይት ነኝ። ደብዳቤው የኔ ብቻ አይደለም። ከልዩ ልዩ ትያትር ቤቶች የወጣን አሥራ አራት ጡረተኞች በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን ቡና እንጠጣለን። ተዋንያን አለን፣ አልባሳት ያዥ አለች፣ የመብራት ባለሙያ አለ፣ የመድረክ አናጢ አለ። የሟች ባልደረቦቻችን ልጆችም ይመጣሉ። ሐሳቡን በጋራ ተስማምተንበታል፤ ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ያስነሣንን ነገር ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ በአንድ ደብር የመቃብር በር ላይ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በዚህ ረድፍ ያሉ ፉካዎች የአገልግሎት ዘመናቸው ስላለፈና ቦታው ስለሚፈለግ፣ ቤተሰብ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቀርቦ ዐፅም እንዲያነሣ፣ ያልቀረበ እንደሆነ ግን ደብሩ ኃላፊነት እንደማይወስድ ይናገራል። የሟች ስም አልተጻፈበትም፤ የፉካ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። እኛ ማስታወቂያውን ያየነው ሠላሳው ቀን ካለፈ በኋላ ነበር። ያየነውም ለጋሼ ሙት ዓመት ሻማና ጧፍ ይዘን በሄድንበት ዕለት ነው።

ጋሼ የምለው ሰው ከአርባ ዓመት በላይ መድረክ ላይ የኖረ ነው። ስሙን ቤተሰቡ ስላልፈቀደ አልጽፍም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ ትከሻዬን ይዞ፣ «ወለሉን አትፍሪው፣ ወለሉ ያንቺ ነው» ያለኝ እሱ ነው። ማይክራፎን ሳይኖር ሹክሹክታው እስከ መጨረሻው ወንበር ይደርስ ነበር። ንጉሥም ሆኖ ተጫውቷል፣ ለማኝም፣ ቄስም፣ የዕድር ዳኛም። ሲሞት ቤተሰቡ ለመቃብሩ የሚሆን ፎቶግራፍ ፈልጎ አጣ። በሕይወቱ ፎቶ የሚያነሣው ትያትር ቤቱ ብቻ ስለነበር፣ ያለው ፎቶ ካባ ደርቦ፣ ጎራዴ ታጥቆ የ«ራስ» ማዕረግ ያለው መኮንን ሆኖ ሲጫወት የተነሣው ነው። እሱኑ ለጠፉለት። ጠባቂው ለዓመታት የአንድ መኳንንት መቃብር እየጠበቀ ይመስለው እንደነበር በኋላ አጫወተን።

በዚያ ቀን ፎቶውን አላገኘነውም። ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ፉካ በአዲስ ሲሚንቶ ተመርጓል፤ ስሙ የሌላ ሰው ነው። ስሙ የተጻፈለት ሟች ምንም ጥፋት የለበትም፤ ለእሱም ነፍስ ይማር ብለናል። ጠባቂው ወስዶ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር አዲስ የተደፋ አፈር አሳየን። «የቀሩት ሁሉ እዚህ ናቸው» አለን። ከጋሼ ሌላ የአራት ባልደረቦቻችን ፉካ በዚያው ረድፍ ውስጥ ነበር። አንዷ ከእኔ ጋር በአንድ መስታወት ፊት ለአሥራ ሁለት ዓመት ፊቷን የተቀባች ሴት ናት።

የጋሼ አንዲት ልጁ ያለችው ጂዳ ነው፤ በሰው ቤት ትሠራለች። በየዓመቱ ለሙት ዓመቱ ገንዘብ ትልክልናለች። በዚያ ማታ ደወለች። «እትዬ፣ ሻማውን አበራችሁለት?» አለችኝ። አብርተናል አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ያበራነው ግን አፈሩ ላይ ነው። እሱን ለመንገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥላ ደረሰኙ አሁንም ሻንጣዋ ውስጥ እንዳለ ነገረችኝ። ፉካውን የገዛችው በመጀመሪያው የሁለት ዓመት ደመወዟ ነበር። የከፈለችው ለዘለቄታው መስሏት ኖሯል።

ደብሩን ብቻ ለመክሰስ አልተነሣንም። አዲስ አበባ ሞልታለች። አድባራቱ የሚያስቀብሩበት ቦታ ጠቧቸዋል፣ አዲስ ሟች በየቀኑ ይመጣል፣ የድሮው ቦታ ለአዲሱ ይለቀቃል። ይህን እናውቃለን። የብዙ ደግ ሰው ዐፅም እንዲህ ተነሥቷል። እንግዲያው «የተዋናይ ዐፅም ከሌላው በምን ይበልጣል?» ብላችሁ ብትጠይቁን፣ አይበልጥም ነው መልሳችን። ልዩነቱ ሌላ ነው። ደራሲ ቢሞት መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ሠዓሊ ሸራውን፣ ድምፃዊ ሸክላውንና ካሴቱን ትቶ ይሄዳል። የመድረክ ተዋናይ ግን ሥራው መጋረጃ ሲዘጋ አብሮት ያልቃል። በእኛ ዘመን አብዛኛው ትያትር በካሜራ አይቀረጽም ነበር። ጋሼ ንጉሥ ሆኖ ሲያለቅስ አዳራሹ ሙሉ ያለቀሰበት ማታ ዛሬ ያለው በተመልካቾቹ ልብ ውስጥ ብቻ ነው፤ እነሱም እየሞቱ ነው። ይህ ሰው በምድር ላይ እንደነበረ የሚመሰክር አንድ ቋሚ ነገር ቢኖር ያ ፉካ ነበር። እሱም ተነሣ።

ስለዚህ ነው ጉዳዩን የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ነው ብለን መተው ያልቻልነው። የሚጠፋው የአገሪቱ የትያትር ታሪክ ጭምር ነው። እስቲ ወደ ኋላ ተመልከቱት። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ተረት ወደ ተውኔት ለውጠው ካሳዩን መቶ ዓመት አልፎናል። ያ ሥራ ሹማምንቱን ስለነካ ትያትር ለዓመታት ታግዶ ቆየ። ጠላት ሊወረን ሲዘጋጅ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ መኮንን ሀብተወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ፤ ሕዝቡን በንግግር፣ በዘፈንና በትርኢት የሚያነቃ ማኅበር ነበር። መሥራቹ ራሳቸው በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተገድለው አለፉ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር፣ ጣሊያን ጀምሮት የሄደው ሕንፃ ተጠናቆ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የምንለው አዳራሽ ተከፈተ። ከፊቱ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። በዚያ አንበሳ አጠገብ ለስድሳ፣ ለሰባ ዓመት በየማታው ያለፉ፣ ስማቸው ያልታወቀ ተዋንያን ግን የት እንዳረፉ ማን ይነግረናል?

የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በምን ዋጋ እንደሠሩ ለወጣቶቹ መንገር አለብኝ። ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር ስለነበር ወንዶች ቀሚስ ለብሰው የሴት ቦታ ይጫወቱ ነበር። ኋላ የሕፃናት ሁሉ አባት የሆኑት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ እንኳ በወጣትነታቸው በሴት ልብስ ተጫውተዋል። ከዚያ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች መጡ። አስናቀች ክራር ደርዳሪ፣ ድምፃዊት፣ ተዋናይት ነበረች፤ በመስከረም 2004 አረፈች። የእሷ ዘመን ሴቶች ከቤታቸው ተባርረዋል፣ በሰፈር ተሰድበዋል፣ ትዳር ተከልክለዋል። እኔ እንኳ ስጀምር፣ ያ ሁሉ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ አባቴ ለሦስት ዓመት በአንድ ማዕድ አልቀረበኝም። በሕይወት ሳለች ከቤተሰቧ የተለየች ሴት ስትሞት መቃብሯን ማን ይጠይቃል? ማስታወቂያው ሲለጠፍስ ማን ያነብላታል? ዐፅማቸው ቀድሞ የሚነሣው እንዲህ ያሉት ናቸው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ቀብር ቀን ነው። ታዋቂ ተዋናይ ሲያርፍ አስከሬኑ ወደ ትያትር ቤት ይመጣል፣ የክብር ስንብት ይደረግለታል፣ ካሜራ ይሰለፋል፣ ሹማምንት ጥቁር ለብሰው የፊት ወንበር ይይዛሉ። አባባ ተስፋዬ በ2009፣ ፍቃዱ ተክለማርያም በ2010 ሲለዩን ሕዝቡ አጅቦ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አሳርፏቸዋል። ይገባቸዋል፤ እኔም ከሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። ሥላሴ የሚገባው ግን ከመቶ አንድ ነው። ቀሪዎቻችን በየሰፈራችን ደብር፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ በዮሴፍ፣ ሙስሊሞቹ በኮልፌ እንቀበራለን። ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ስለ እነዚህ ሰዎች የሚጠይቅ ሹም አላየንም። በስንብቱ ላይ ቃል ይገባል፤ «በስሙ መታሰቢያ ይቆማል»፣ «ቤተሰቡን አንተውም» ይባላል። ከመካከላችን አንዷ የባሏ ቀብር ላይ የተነበበውን ንግግር ቀድታ አስቀምጣዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሐውልቱን ያሠራችው ራሷ ናት፣ ከልጇ የሠርግ ገንዘብ ቀንሳ።

ደግሞ ያ በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ! ባልደረባችን ባልተጫወተችበት ተውኔት ስትመሰገን፣ ያበራችበት ሥራ ሳይጠቀስ ሲታለፍ ቆመን ሰምተናል። አንባቢው ምን ያድርግ፤ ሌሊቱን ከሐዘንተኛ አፍ ለቅሞ የጻፈው ነው። ትያትር ቤቱ ስንት ዓመት የሠራችበት ነው፤ ማን በየትኛው ተውኔት ምን እንደተጫወተ የሚያሳይ መዝገብ ግን ከግል ፋይሏ ውስጥ አልተገኘም። የተገኘው የዓመት ፈቃድ ቅጽና አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። አርፍዳ ስለመጣች የተጻፈ።

ሦስተኛው የዕድር ነገር ነው። ይህን ከእኛ ሙያ ውጭ ያለ ሰው ላያስበው ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰውን የሚቀብረው ዕድሩ ነው። ድንኳኑን የሚተክለው፣ ጥሩንባውን የሚያስነፋው፣ ወንበርና ድስቱን የሚያመጣው እሱ ነው። ዕድር ደግሞ ሰው ይፈልጋል፤ ለቅሶ ድረስ፣ ቀብር ውጣ፣ በስብሰባ ተገኝ ይላል። የእኛ ሥራ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ በዓል ሰው ሁሉ ሲያርፍ እኛ መድረክ ላይ ነን። በደጉ ዘመን ለክፍለ ሀገር ትርኢት ስንወጣ ሁለትና ሦስት ወር አንመለስም ነበር። ስንመለስ ቅጣት ተጽፎብን እናገኛለን፤ ቅጣቱ ሲደራረብ ስማችን ይሰረዛል።

ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ ቃል ሲጠፋብን ቃል የሚያቀብለን ሰው ነበር። ሁሉንም ተውኔት በቃሉ ያውቃል፤ ተመልካች ግን አንድ ቀን ፊቱን አይቶት አያውቅም። ሲሞት ከዕድሩ ተሰርዞ ነበር። ድንኳን አልተተከለለትም። የትያትር ቤቱ ክበብ ውስጥ ባርኔጣ አዙረን ገንዘብ አዋጣን፣ የመድረክ አናጢያችን ለትርኢት ከተገዛ ጣውላ ሣጥኑን ሠራለት፣ ዳሳችንም የመድረክ ሸራ ነበር። የተቀበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ አለ።

አራተኛው በሕይወት ሳለን ስለሚሆነው ነው። ስለ መቃብር እየጻፍኩ ለምን ወደዚህ እንደመጣሁ ግልጽ ይሁን። መቃብሩ የሚጠፋው ሰውየው ሳይሞት ተረስቶ ስለቆየ ነው። የመንግሥት ትያትር ቤት ቋሚ ሠራተኛ የነበረ ሰው በስድሳ ዓመቱ ይወጣል፤ ጥቂትም ብትሆን ጡረታ አለችው። የዛሬዎቹ የፊልምና የተከታታይ ድራማ ልጆች ግን በውል ነው የሚሠሩት፤ ፊልሙ ሲያልቅ ውላቸው ያልቃል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 715/2003 ከወጣ ቆይቷል፣ በ2014ም በአዲስ ዐዋጅ ተተክቷል፤ ለአጭር ጊዜ ቀረጻ ለተቀጠረችው ተዋናይት ግን ሲደርስላት አላየንም። ፊቷን አገር ያውቀዋል፤ የምትታከምበት ግን የላትም። ስትታመም በቴሌቪዥን ቀርባ እጇን ትዘረጋለች። የምትወደድ ከሆነች ገንዘቡ ይሞላል፤ ካልሆነች አይሞላም። ፍቃዱ ተክለማርያም ኩላሊቱ ሲታመም ሕዝቡ ተሯሩጦ አዋጥቶለታል። ሕዝቡን እናመሰግናለን። ግን እንደ እሱ ያለ ሰው፣ ዕድሜውን ሁሉ ለመድረክ የሰጠ ሰው፣ ለሕክምናው የሕዝብ መዋጮ መጠበቅ ነበረበት? ይህን ጥያቄ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይዘነው አለን።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም፣ ማለት እንደ ተዋናይና ድምፃዊ ላሉት፣ መብት ይሰጣል። ሕጉ መልካም ነው። የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ አስቡት። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ ያልሰማ አለ? ያላነበቡት እንኳ በእሱ ድምፅ ነው የሚያውቁት፤ ዛሬ በየታክሲውና በየስልኩ ይሰማል። ተዋናይ በድምፁ ብቻ ይህን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ያየነው በእሱ ነው። ለሌሎቹም እንዲህ ያለ ዕድል ቢገጥማቸው ኖሮ ስለ ሲሚንቶና ስለ ፉካ ባላስቸገርናችሁ።

በውጭ አገር ስለሚያርፉት አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1998 ኒው ዮርክ ሲያርፍ አስከሬኑ አገሩ ገብቶ ሥላሴ ተቀበረ። ሁሉም ይህ አይሆንለትም። ዋሽንግተንም፣ አውሮፓም፣ በየአረብ አገሩም የቀሩ የመድረክ ሰዎች አሉን፤ አንዳንዶቹ ትያትርን እዚያም አላቋረጡም። የት እንደተቀበሩ የምንሰማው በወሬ ነው። መዝገብ ከተጀመረ እነሱም ይግቡበት።

አሁን ወደ እናንተ እመለሳለሁ። ጋሼ ዐፅሙ ከተነሣ በኋላ ለአንድ የሚመለከተው ቢሮ አመለከትን። ማመልከቻችን ገቢ ተደርጎ ቁጥር ተሰጠው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ስንሄድ «የመቃብር ጉዳይ የደብሩ ነው» ተባልን። ደብሩ ዘንድ ሄድን፤ «የአርቲስት ጉዳይ የባህል ቢሮ ነው» አሉን። ትያትር ቤቱ ደግሞ ጡረታ ከወጣን በኋላ ፋይላችን እንደተዘጋ ነገረን። ሁሉም በትሕትና ነው ያናገሩን፤ በዚህ አናማቸውም። ባለቤት ግን የለም። አንድ የአምፖል ዕቃ ቢሰበር በማን ስም እንደተመዘገበ የሚያውቅ ተቋም፣ አርባ ዓመት ያገለገለው ሰው የት እንደተቀበረ የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ የለውም።

በሕግ መንገድ እንደሌለ ተደርጎ ሲነገረንም አንቀበልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ከማይንቀሳቀሱ ቅርሶች መካከል የመቃብር ሥፍራን ይጠቅሳል። የጥንት ነገሥታት መቃብር ብቻ ነው ቅርስ የሚባለው ካላችሁን በጽሑፍ ንገሩን፤ እኛም በጽሑፍ እንከራከራለን።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ከሁሉ የሚያስቸኩለው፣ የመቃብር ቦታ የምታስተዳድሩ አድባራትና ተቋማት ዐፅም ከማንሣታችሁ በፊት ማስታወቂያችሁ የሟችን ስም ይያዝ፤ በበር ላይ ከመለጠፍ ሌላ በሬዲዮ ይነገር፤ ጊዜውም ከሠላሳ ቀን ወደ ስድስት ወር ይራዘም። ይህ ለተዋንያን ብቻ አይሁን፤ ለሁሉም ሟች ይሁን። ጂዳና ቤይሩት ያለች ልጅ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አታነብም። ዐፅም መነሣቱ ግድ ከሆነም በጅምላ አይቀላቀል፤ ስም የተጻፈበት አነስተኛ ሣጥንና የሚቀመጥበት አንድ ክፍል ይዘጋጅለት። የመድረክ አናጢያችን ሣጥኑን ያለ ክፍያ እንደሚሠራ ቃል ገብቷል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ እጁ ግን አሁንም ደህና ነው።

ሁለተኛ፣ የተዋንያንና የመድረክ ባለሙያዎች የመቃብር መዝገብ ይከፈት። የመጨረሻዎቹ የሚያውቁ ሰዎች እኛ ነን፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የምትጠይቁት ሰው አይኖርም። እያንዳንዱ ትያትር ቤት አንድ ሠራተኛ ይመድብ። የሚመዘገበውም ስም፣ የሠራበት ቤት፣ የተጫወተባቸው ሥራዎች፣ ያረፈበት ቀንና የተቀበረበት ቦታ ይሁን። ከመጋረጃ ጀርባ የነበሩትን እንዳትረሱብን፤ አልባሳት ያዦች፣ መብራት ያዦች፣ ለተዋናይ ቃል የሚያቀብሉ ሁሉ ይግቡ።

ሦስተኛ፣ በየመቃብሩ ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ሰሌዳ። ሐውልት አልጠየቅንም። በሥላሴ ያሉትም ቢሆኑ የንጉሠ ነገሥቱንና የሲልቪያ ፓንክረስትን መቃብር ሊያይ የመጣ ጎብኚና ልጁን ይዞ የመጣ አባት አባባ ተስፋዬን በቀላሉ የሚያገኝበት ምልክት ይኑራቸው።

አራተኛ፣ በውል የሚሠሩ የፊልምና የድራማ ተዋንያን የጤና መድንና የጡረታ መዋጮ የሚገቡበት መንገድ ይበጅ። አምራቾችም ከበጀታቸው ትንሽ ድርሻ ይክፈሉ። ዝርዝሩን የሚያውቁ ወጣቶች አሉ፤ አስጠርታችሁ ጠይቋቸው።

አምስተኛ፣ የሙያ ዕድር። የትያትር ሰው በሥራው ጠባይ የማይቀጣበት፣ ትያትር ቤቶች መነሻ ገንዘብ የሚሰጡት፣ መደበኛ ዕውቅና ያለው ዕድር እንዲቋቋም ደብዳቤ ጻፉልን። ቀሪውን እኛ እንሠራዋለን። ዕድር ማቋቋም ማንም አያስተምረንም።

ስለ ጋሼና አብረውት ስለተነሡት አራት ባልደረቦቻችን ደግሞ ለብቻው አንድ ልመና አለን። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ያለው አፈር ሳይረገጥና ሌላ ነገር ሳይሠራበት ይታጠርልን። የአምስቱ ስም የተጻፈበት አንድ ድንጋይ እናቆማለን፤ ወጪው በእኛ ነው፤ የልጁም መዋጮ ከጂዳ ደርሷል። ከደብሩ የምንፈልገው ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱን ከመጪው ሙት ዓመት በፊት ብናገኝ ለልጁ የምነግራት ይኖረኛል።

እስካሁን መንግሥትን ሳንጠብቅ የጀመርነው ሥራ አለ። አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዝተን፣ በየወሩ ቡና ስንጠጣ የምናስታውሰውን እየጻፍን ነው፤ ማን፣ የት ሠራ፣ የት ተቀበረ። ቀን የሚያስታውስ ቀኑን ይናገራል፣ ረድፉን የሚያስታውስ ረድፉን። ሁለታችን እየዞርን በዓይናችን እናረጋግጣለን። እስከ ዛሬ ስልሳ ሦስት ስም ገብቷል። ከእነዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን መቃብራቸውን አላገኘንም፤ በስማቸው አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ደብተሩ ያለው እኔ ዘንድ ነው። የምናስረክብበትን ቢሮና ቀን ንገሩን፤ ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጡ የትያትር ባለሙያዎችና የሟች ተዋንያን ቤተሰቦች ስብስብን በመወከል፣
ጡረተኛ የመድረክ ተዋናይት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሙያ ማኅበራት
በውል ለሚሠሩ የፊልምና የድራማ ተዋንያን
በውጭ አገር ለሚገኙ የመድረክ ባለሙያዎች